ስንፍና ብለው ለቀበሩት ሕመምሽ

እማ፣ የኔ እናት፤

ካለሽበት ብርድ እንደሌለ ልመንና ልጀምር። ከተለየሽን ዐሥር ዓመት አልፏል። እስከ አምና ድረስ አንቺን ሳስብ አለቅስ ነበር፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን እንባው ደርቆ በቦታው ንዴት ገብቷል። ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ በድንገት ደሜ ይፈላል፤ ደንበኛዋ እሷ ያጠፋች መስሏት ትደነግጣለች። ለሞተ ሰው በንዴት አይጻፍም ቢሉኝም አልሰማም። ለሌላ ለማን ልናገረው?

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። መብራት ገብቷል። አባዬ የጓሮውን ባሕር ዛፍ አስቆርጦ የቤቱን ቆርቆሮ ቀይሮታል፤ ክረምት ሲመጣ እንደ ድሮው አያፈስም። ካንቺ በኋላ አግብቷል። ሚስቱ ክፉ አይደለችም፤ ስሄድ አንቺ ትተኚበት የነበረውን መደብ አንጥፋ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን እዚያ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። የምኖረው ማርቆስ ነው። ገበያው አጠገብ ጨርቅና ክር የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አላገባሁም። የሚጠይቀኝ አልጠፋም፤ መውለድ ግን እፈራለሁ። ለምን እንደምፈራ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔን ስትወልጂ የሆነውን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው። እንግዴ ልጁ አልወርድ ብሎ ደምሽ ከመደቡ አልፎ መሬት ላይ ወረደ አሉ። ሴቶቹ ሞታለች ብለው ነጠላ አልብሰውሽ ነበር፤ አንዲቱ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይታ ጮኸች። ተረፍሽ። «ማርያም ማረቻት» ብለው እልል አሉና ወደየቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የደረሰብሽን ሁሉ ከዚያ ቀን ጋር አያይዞ ያየ ግን አንድ ሰው አልነበረም።

ጡትሽ ወተት አልያዘም። አንዲት ጠብታ እንኳ። እኔ በላም ወተት አደግሁ። ጸጉርሽ ሳሳ፤ ቅንድብሽ ከጫፉ ተመለጠ፤ መልክሽ እንደ ሰም ገረጣ፤ ድምፅሽ ጎረነነ። ሰው ሁሉ ከቀትር ፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ሲፈልግ አንቺ ጋቢ ተከናንበሽ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ትሞቂ ነበር። ከምንጭ ውኃ ይዘን ስንመጣ ጀሪካኑን አውርደሽ መንገድ ዳር ትቀመጫለሽ፤ እኔ ድንጋይ እየለቀምሁ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ትነሻለሽ፤ ትንሽ እንሄድና ደግሞ ትቀመጫለሽ። የሰው እናት ሁሉ እንዲህ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ደግሞ መቼም አልረሳውም። የመጀመሪያ የወር አበባዬ የመጣ ዕለት ፈርቼ ስነግርሽ ፈገግ ብለሽ አቀፍሽኝና «እኔ አንቺን ከወለድሁ ወዲህ አይቼው አላውቅም» አልሽኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅሽ «እግዚአብሔር ከቤቱ እንዳልቀር ብሎ አነሣልኝ» አልሽ። አንድም እሑድ ሳይጎድልሽ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ታስቀድሺ ነበር፤ ሌሎቹ ሴቶች በየወሩ ደጅ ሲቆሙ አንቺ ውስጥ ነበርሽ። ያ ብቻ ነበር የምትኮሪበት። እማ፣ እሱ እኮ ምልክት ነበር። ሰውነትሽ ድረሱልኝ እያለ ይጮህ ነበር። አንቺ ጸጋ ነው ብለሽ አመሰገንሽበት። በዚህ ባንቺም እናደዳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ ንዴት አፍራለሁ፤ ማን ነግሮሽ ታውቂዋለሽ?

አሁን ወደ እትዬ ጥሩአለም ልምጣ። የአባዬ ታላቅ እህት፣ አጥር ለአጥር የምንዋሰናት፣ ቤታችንን ከቤቷ ይልቅ የምትቆጣጠረው አክስቴ። ስጽፍ አንቱታውን ነፍጌያታለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ዛሬም «እርስዎ» ነው የምላት፤ አንቺ ያሳደግሽኝ እንዲያ ነውና። «የወንድሜ ቤት ቀዝቃዛ ሴት ገባበት» እያለች ስንቱ ፊት አዋረደችሽ። አንድ ቀን ደቦ ለመጡት ሰዎች ጠላ እየቀዳሽ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ «ይቺ ላም ብትሆን ተሸጣ ነበር፤ አትታለብ፣ አትወልድ» ብላ ሳቀች። ሰዎቹም ሳቁ። አባዬ መሬት መሬት አየ። አንቺ ጣሳውን ሳታስቀምጪ የቀሩትን ሁሉ ቀድተሽ ጨረስሽ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ያን ሳቅ ዛሬ ድረስ እሰማዋለሁ።

ጤና ጣቢያም ሄደሻል። አልሄደችም እንዳይሉ ነው የምጽፈው። ስትደክሚ፣ ስትወድቂ፣ አባዬ በቅሎ ላይ አውጥቶ ወስዶሻል። «ደም ማነስ ነው» ይሉሻል፤ ቀይ ክኒን ይሰጡሻል፤ ጎመን ብዪ፣ ምስር ብዪ ይሉሻል። ክኒኑን ጨርሰሽ ትመለሻለሽ፤ ደግሞ ያንኑ ክኒን ይሰጡሻል። ስትወልጂ ምን ሆነሽ ነበር ብሎ የጠየቀሽ የለም። የወር አበባሽስ ያለሽ የለም። ነጭ የለበሰ ሁሉ ተማረ ይባላል። አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ምን ያህል ትምህርት ይፈልጋል?

ሕመም የሚለውን ቃል ላንቺ የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የንስሐ አባታችን። ያ የመጨረሻው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቤት መጥተው «ልጄ፣ አንቺ ሕመምተኛ ነሽ፤ በሕመም ላይ ጾም የለብሽም፤ በደሉ በእኔ ይሁን፣ ጠዋት ጠዋት እህል ቅመሺ» አሉሽ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ፤ አጠገብሽ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አክስቴም በአጥሩ ሰማች። «ሥራውን ተወች፣ አሁን ደግሞ ጾሙን ልትተው ነው» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። አንቺም በማግስቱ ጾምሽ። ካህኑ የፈቱልሽን እሷ አሰረችብሽ።

ጉንፋን ያዘሽ። ሰው ሁሉ የያዘው ጉንፋን ነበር፤ ሌላው አስነጥሶ ተነሣ፤ አንቺ ግን ማስመለስ ጀመርሽ፤ ላብሽ ቀዘቀዘ፤ እኔን በእናትሽ ስም ጠራሽኝ። በቃሬዛ ተሸክመውሽ ጤና ጣቢያ ደረስን። ግሉኮስ ሲሰቅሉልሽ ዐይንሽን ገለጥሽ፤ ስሜን ጠራሽ፤ ውኃ ጠየቅሽ። ዳነች ብለን አለቀስን። «ጾሙ ነው የጎዳት፤ አብሏት» ብለው ወደ ቤት መለሱን። በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞትሽ። ለለቅሶ የመጣው ሰው «ድሮም ጉልበት አልነበራት» ይል ነበር። አክስቴ ፊቷን እየነጨች ከሁሉም በላይ አለቀሰች። እኔም ያኔ ሐዘን መሰለኝ፤ የእግዚአብሔር ቁጣ መሰለኝ፤ ዕጣሽ መሰለኝ።

እንግዲህ አምና የሆነውን ስሚ።

ስመኝን ታስታውሻታለሽ፤ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ፣ አንቺ ሹሩባ ስትሠሪላት ጭንሽ ላይ ትተኛ የነበረችው። ደብረ ኤልያስ አካባቢ ለአንድ ገበሬ ተድራ ነበር፤ ይበልጣል ይባላል። ሴት ልጅ ወለደችና ለክርስትናው ተጠራሁ። ሱቄን ዘግቼ ሄድሁ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሰው ይበላል፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ስመኝን አጣኋት። ዞሬ ስፈልጋት ከቤቱ ጀርባ አገኘኋት። ጋቢ ተከናንባ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። ልጅቱን ሌላ ሴት ይዛ በጡጦ የላም ወተት ታጠባታለች።

እማ፣ አንቺን ያየሁ መሰለኝ። ያ ገርጣጣ መልክ፣ ያ ቀስ ያለ ንግግር። አጠገቧ ተቀመጥሁና ስትወልጂ ምን ሆንሽ አልኋት። «ደም ፈሰሰኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መኪና እስኪገኝ ብዙ ቆየን» አለችኝ። ጡትሽስ አልኋት። አንገቷን ደፋች።

አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ዓይን ነው የበላት» አለች። «ጡቷ ሞልቶ ነበር፤ የሚያይ ሰው አይቶ አደረቀው። ጠበል ልናስጠምቃት ነው።»

አየሽ? ያንቺ ጡት ሲደርቅ ስንፍና ነበር፤ ላም ብትሆኚ የምትሸጪበት ጉድለት ነበር። የልጇ ጡት ሲደርቅ የሰው ዓይን ሆነ። እዚያው ልጮህ ነበር። የሰው ድግስ ነው ብዬ ዋጥሁት። «ጠበሉም ይሁን፤ ግን ማርቆስ ልውሰዳት፣ ሐኪም ይያት» አልኋት። «ሐኪም ቤትማ ደም ማነስ ብለው ክኒን ሰጥተዋታል፤ ይበቃታል። አንቺ ከተማ ገባሁ ብለሽ እኛን አታስተምሪን» አለችኝ። ባሏ ይበልጣል ዝም አለ። የዚያን ዕለት ዝምታው የአባዬን ዝምታ አስታውሶኝ ጠላሁት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ስልኬ ጮኸ። ይበልጣል ነው። «እትዬ፣ ስመኝ ወድቃለች፤ ታስመልሳለች፤ ላቧ ቀዝቃዛ ነው። እናቷ ጠበል ቦታ እንመልሳት ይላሉ። ምን ላድርግ?» አለኝ። እማ፣ ያ ቀዝቃዛ ላብ። እጄ ላይ የነበረው መቀስ ወደቀ። «ማንንም አትጠይቅ! አሁኑኑ አሳፍረህ አምጣት!» ብዬ ጮኽሁበት። ጠላሁት ያልሁት ሰውዬ ሚስቱን አዝሎ እስከ መኪና መንገድ በጭቃው ወረደ። ልጇን ልታስታምም የመጣችው አማቱ አጥሩ ላይ ቆማ ስትራገም ዞር ብሎ አላየም። ለዚያ አከብረዋለሁ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ግሉኮስ ሰቀሉላት፤ ነቃች። አንዱ ልጅ እግር ሐኪም «ደም ማነስ አለባት፤ ምግብም አልበላችም፤ ነገ ትወጣለች» አለ። እዚያ ላይ ነው ዐሥር ዓመት የያዝሁት የወጣው። ድፍን ክፍሉ እስኪዞር ጮኽሁ። «እናቴም ግሉኮስ ተሰቅሎላት ነቅታ ነበር! በማግስቱ ሞታለች! አላስወጣትም!» ዘበኛ ተጠራ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ሐኪም ከጎን ክፍል ወጥታ ዘበኛውን በእጇ መለሰችና «እናትሽ ምን ነበረች? ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኋት። ደሙን፣ ወተቱን፣ ፀሐዩን፣ ቅንድቡን፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴውን ሳይቀር። አላቋረጠችኝም። ከዚያ ወደ ስመኝ ዞረች፤ ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሰሰሽ? ወተት ወርዶልሽ ያውቃል? የወር አበባሽ ተመልሷል? የብብትሽ ጸጉር አለ? እያለች ጠየቀቻት። ስመኝ እያፈረች መለሰችላት። ሐኪሟ የደም ናሙና አስወስዳ ወደ ሌላ ከተማ ላከች፤ ውጤቱ እስኪመጣ ግን አልጠበቀችም፤ በመርፌ መድኃኒት አስጀመረቻት።

ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችን። ከአንጎላችን ሥር የሽንብራ ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች አለችን። ለጡቱ ወተት፣ ለማሕፀኑ ወር አበባ፣ ለሰውነት ሙቀትና ጉልበት ትእዛዝ የምትልከው እሷ ናት፤ ትእዛዙም ሆርሞን ይባላል። ሴት ስትወልድ ብዙ ደም ከፈሰሳት ዕጢዋ ደም ተቋርጦባት ልትጎዳ ትችላለች። ያኔ ሆርሞኖቹ ይጎድላሉ፤ ሴትየዋን ይበርዳታል፣ ትደክማለች፣ ቀን በቀን ትጠፋለች። ጉንፋን ወይም ረኃብ ሲመጣ ሰውነቷ የሚቋቋምበት ስለሌለው በአንድ ቀን ልትሞት ትችላለች። «ደም ማነሱም አለ፤ ግን ጭራው ነው፤ ጭራውን ይዘው ሲጎትቱ ነው የሚኖሩት» አለች። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። ዕድሜ ልክ አይቋረጥም፤ ስትታመም ሐኪም በነገራት መሠረት ይጨመራል።

እናቴስ አልኋት።

«ሳላያት በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አለች። «ግን ይመስላል። በጣም ይመስላል።»

ክኒኗን እጄ ላይ ይዤ አየኋት። ነጭ ናት፤ ከምስር ብዙም አትበልጥም። ለዚህች ነው የሞትሽው? ለዚህች ነው የተሳቀብሽ? ወጥቼ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀምጬ መሬቱን በቡጢ መታሁት። ሰው ሬሳ የወጣብኝ መስሎት አጽናናኝ። ሬሳማ ወጥቶብኛል፤ ግን ድሮ ነው፤ የሞትሽበትን ምክንያት ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ስመኝ ዳነች ልበልሽ። ጡቷ አልተመለሰም፤ ወተቱ አይመጣም ብለዋታል። ግን ጋቢውን ጥላለች። ልጇን አዝላ ገበያ ትወጣለች፤ ስትስቅ ድምፅዋ ይሰማል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ክኒኑ ያልቅባታል ብዬ እሰጋለሁ፤ ስለዚህ ሲገኝ ትርፍ ገዝቼ ሱቄ ውስጥ አስቀምጥላታለሁ። እሷን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ደስታዬ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይወጋኛል። እንዲህ መሆን ትችዪ ነበር። እኔን አዝለሽ እንዲህ ገበያ መውጣት ትችዪ ነበር።

አክስቴ ስመኝን ለቀጠሮ ይዛ መጥታ አንድ ቀን ሱቄ ገባች። አርጅታለች። ወንበር ሰጠኋት። ተቀመጠችና «እናትሽም ይኸው ኖሯል» አለች። ጨርቅ ማጠፌን ቀጠልሁ። «ይቅር በይኝ» አለች።

«እኔን ምን ያደርጉኛል?» አልኋት። «እርስዎ እናቴን የሰደቡት ሰው ፊት ነው። ቃልዎንም የሚመልሱት ሰው ፊት ነው። ‹ታማ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁ› ብለው እዚያው አገር ላይ ይናገሩ። ከዚያ በኋላ እንተያያለን።» ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ክፉ ሆንሁ ይሆን ብዬ ቀኑን ሙሉ ልቤ ሲቆረቁረኝ ዋለ፤ ግን ቃሌን አላነሣሁም።

በጥር ሠርግ ነበር፤ ሁላችንም ተሰበሰብን። አንድ ሽማግሌ አየኝና «የዚያች የፀሐይ ሞቂዋ ልጅ አይደለሽም? ደግ ሴት ነበረች፤ ብቻ ሥራ ላይ…» ብሎ እጁን ወዝወዝ አደረገ። ልነሣ ስል አክስቴ ከዳስ ማዶ ቀደመችኝ። «ታማ ነበር!» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ድሮው አጥር የሚሻገር ነበር። «ሆርሞን የሚባል ነው። ልጄም ታማበት ነበር። በወንድሜ ሚስት ላይ ስስቅ ኖሬያለሁ፤ አፌን በቆረጠኝ ኖሮ።» አባዬ ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ስሄድ በረቱ አጠገብ ቆሞ እንደ ልጅ ይንሰቀሰቃል። እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍሁ፤ «አይዞህ» ማለት ግን ከአፌ አልወጣም።

ልቤ በረደ ብዬ እንድትደሰቺ ልዋሽሽ አልፈልግም። አልበረደም። እውነቱ ተነገረ፤ ግን አንቺ ሳትሰሚው ተነገረ። ይቅር ማለት ከተገባ አንቺ ቅደሚና እኔ እከተልሻለሁ፤ ድሮም ለይቅርታ የምትፈጥኚው አንቺ ነበርሽ።

እኔ ግን የማስብሽ ዝም ብዬ ሻማ በማብራት ብቻ አይደለም። ሱቄ ልጅ ያዘለች ሴት ስትገባ ጨርቁን ከመዘርጋቴ በፊት እጠይቃታለሁ። ስትወልጂ ደም ፈሰሰሽ? ወተትሽ ወረደ? ብርድ ብርድ ይልሻል? ይለኛል ካለችኝ ለሐኪም የምትነግረውን በቃሏ አስጠናታለሁ፤ ካልሰሟትም ጮኸሽ ተናገሪ እላታለሁ። አንዳንዷ ምን አገባሽ ብላኝ ትወጣለች። ትውጣ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ እማ፣ አንቺን ማንም ያልጠየቀሽን እኔ እየጠየቅሁ እኖራለሁ።

ልጅሽ